የክፍል ጓደኞቼ ለቅሶ የደረሱኝ ጊዜ

«ፊትሽ ለእኔ አዲስ አይደለም» አለኝ።

አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ፣ እንግሊዝኛ የምንማርበት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ በዕረፍት ሰዓት ነው። አስተማሪያችን ሻይ ልትቀዳ ወጥታለች። ከፊቴ የሚቀመጠው ሰውዬ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ፣ ቴፕ ሪከርደሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብስኩት ይበላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ኬንት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያወርድ ያድርና ከሰዓት በኋላ እኛ ዘንድ መጥቶ ሲያስቀን የሚውል፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነበር።

«ኧረ ሰው ከሰው ይመሳሰላል» አልኩት።

«አይ፣ እኔ ፊት አልረሳም። ሰፈርሽ የት ነበር? የእኛ ቤት ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ነው። እናቴ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ነው የምታውቀው። ቆይ፣ በዚህ ሳምንት ካሴት እጠይቃታለሁ። እንዲያውም ነይ፣ አንቺው ራስሽ ሰላም በያት!» አለና ቀዩን የመቅረጫ ቁልፍ ሊጫን ጣቱን ዘረጋ።

እናቱ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤ አይጽፍላቸውም። ድምፁን በካሴት ቀርጾ ነው የሚልክላቸው። ካሴቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ፣ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ይህን ራሱ ነው በኩራት የነገረን። ማን ሥራ ገባ፣ ማን ወለደ፣ ሲያትል ውስጥ ከሀገር ሰው ማንን አገኘሁ፣ አንድ አያስቀርም።

ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ያለው ሰፈር የእኔም ሰፈር ነው። ባሌ እዚያው ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር፤ የተያዘውም ከዚያ ነው። እኔንም ቀበሌ ወስደው አስረውኝ ነበር። ስለቀቅ ልጄን አዝዬ በሱዳን በኩል ጠፋሁ። እሱ ግን እስር ቤት ቀረ። ሰፈር ውስጥ የሚወራው ታማሚ እናቴን ላስታምም ጎጃም እንደሄድኩ ነው። ወሬውን የነዛችው የባሌ እህት ናት፤ ስንቅ የምታቀብለውም እሷው ናት። «ሚስቱ ከድታ አሜሪካ ገብታለች» የሚል ወሬ ያ ሰፈር ውስጥ ቢሰማ፣ ስንቁ ይቆማል፣ እህቱ ትያዛለች፣ እሱን ደግሞ ምን እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ውስጡ ነበርኩና አውቃለሁ።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ከክፉ ሰው መሸሽ እችልበታለሁ። ይኼ ግን እየሳቀ፣ ብስኩት እየጋበዘኝ ነው ባሌን ሊያስገድልብኝ የደረሰው።

«እኔ አዲስ አበባን አላውቃትም» አልኩት። «የደሴ ሰው ነኝ።»

«ባለቤትሽስ? እዚያው ደሴ ነው?»

«ሞቷል።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። ብስኩቱንም አስቀመጠ።

«ነፍስ ይማር። ይቅርታ እህቴ፣ አላወቅኩም ነበር።»

ተገላገልኩ አልኩ በልቤ። ስለ ሞተ ሰው ማን ይጠይቃል ብዬ ነው።

ያ ክፍል አሁን ሳስበው ይናፍቀኛል። በፈረንጅ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፤ ያኔ ሬኒየር መንገድ ላይ የሀገር ሰው ማየት ብርቅ ነበር። ጠዋት ቱክዊላ ያለ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ከሰዓት አውቶቡስ ይዤ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር እወርዳለሁ፣ ዝናቡን አራግፌ ወደዚያ ምድር ቤት እገባለሁ። የማሞቂያው ቧንቧ ኳ ኳ ይላል። ግድግዳው ላይ ሕፃናት የሳሉት መርከብና አውሬ ተለጥፏል። ወንበሮቹ የሕፃናት ወንበሮች ነበሩ፤ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ተቀምጠን ነው «ዚስ ኢዝ ማይ ሃውስ» የምንለው። እኔ ሀገር ቤት የማታ ትምህርት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው የገፋሁት። አርባ ዓመት አልፎኝ እርሳስ ስይዝ ሙሽራ የሆንኩ ያህል ነበር ደስ የሚለኝ።

ደስታውን የሚያበላሽብኝ ስም ጥሪው ነበር።

ቀበሌ ሳለን ምሽት ላይ ስም ይጠራል። ስሙ ተጠርቶ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» የተባለ ሰው አይመለስም። እኛ እዚያ ክፍል የነበርን ሴቶች ጥሪው እስኪያልቅ አንተነፍስም ነበር። እና ሲያትል ውስጥ፣ ያቺ ደግ ፈረንጅ መዝገቧን ገልጣ ስም ስትጠራ፣ ተራዬ ሲደርስ ምላሴ ይታሰራል። ልብሴ ከጀርባዬ ይጣበቃል። ሴትዮዋ «አለሁ» ለማለት «ሂር» ማለት የጠፋኝ መስሏት፣ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጻፈችልኝ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ እኔን ለማበረታታት «ሂር! ሂር!» እያለ ጮኸ። የቬትናሙ፣ የላኦሱ፣ የእኛው ሰው፣ ሁሉም። እኔ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጥኩ።

ስመለስ «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ እማማ።

እማማ የምንላቸው ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ሴትዮ ናቸው። ሀገር ቤት ጨርቅ ይነግዱ ነበር። አማርኛቸው የጉራጌ ለዛ አለው፤ እንግሊዝኛውንም በዚያው ለዛ ስለሚናገሩት አስተማሪዋ ሳትቀር ትወደዋለች።

«ጨጓራዬ ነው እማማ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ነገር ጨጓራ ሆነ መልሴ። በር ሲላተም ብደነግጥ፣ ጨጓራ። የጽዳት ሠራተኛው የቁልፍ ዘለላውን እያንቀጨቀጨ በኮሪደሩ ሲያልፍ ፊቴ ቢገረጣ፣ ጨጓራ። የሀገሬ ሰው መቼም ጨጓራ ሲሉት አይጠራጠርም፤ ሁሉም አለበትና። መድኃኒት ያልነገረኝ የለም። አንዱ ተልባ ይላል፣ አንዱ አብሽ። ክፍላችን ውስጥ ጴንጤ የሆኑ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እነሱ «ቸርች ነይና እንጸልይልሽ» ይሉኛል። ሰውዬው ደግሞ «የአንቺ ጨጓራ ጆሮ አለው እንዴ? በር በተዘጋ ቁጥር ነው እኮ የሚነሳብሽ!» ብሎ ያላግጥብኛል። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ለራሴ ዘዴ አበጅቼ ነበር። ጀርባዬን ለግድግዳው እሰጥና በሩን እያየሁ እቀመጣለሁ። ሹራቤ ኪስ ውስጥ የሎሚ ልጣጭ አደርጋለሁ፤ ልቤ ሲመታ አፍንጫዬን የምጠርግ መስዬ አሸተዋለሁ። ሽታው ይመልሰኛል። ከጎኔ የካምቦዲያ ሴት ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን የአንድ ሰው መጽሐፍ ወድቆ ሲጮህ እኔ ዘለልኩ፤ ዞር ብል እሷም ዘላለች። ተያየን። ብርቱካኗን ልጣ ግማሹን ወደ እኔ ገፋችው። የኔን አልጠየቀችኝም፣ የሷን አልጠየቅኳትም። የምንግባባበትም ቋንቋ አልነበረንም። ከዚያች ሴት ጎን መቀመጥ ግን እንዴት ያሳርፍ ነበር!

«ሞቷል» ያልኩት ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ማለዳ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በሬ ተንኳኳ።

እንደ እኔ ያለ ሰው ቤት በዚያ ሰዓት አይንኳኳም። እኔን ሊይዙኝ የመጡት በዚያ ሰዓት ነው። ማሰብ የለም፤ ልጄን ከነብርድ ልብሷ አፍሼ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስተኛኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እግሯ እየተንጠለጠለ። «ዝም በይ» አልኳት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። እንደገና ተንኳኳ። ብዙ ሰው ነው፣ እግሩ ይሰማል።

ልጄ መች ትሰማኝና። ከገንዳው ወጥታ፣ በመስኮት አጮልቃ፣ በእንግሊዝኛ «ማሚ፣ የክፍልሽ ሰዎች ናቸው፤ ድስት ይዘዋል» አለችኝ።

በሩን ስከፍት እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ሰውዬው፣ ከእሱ ኋላ ባልና ሚስቱ። እማማ አንገቴን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ።

«ውይ ልጄን! ውይ ልጄን! ይኼን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን! ለቅሶ ሳንደርስሽ አብረን ስንስቅ!»

ያኔ ነው የገባኝ። ለቅሶ ያልደረስከውን ሰው ዓመት ቢያልፈውም ትደርሰዋለህ፤ ይህ የእኛው ደንብ ነው፤ እኔም ሀገር ቤት እያለሁ ስንቱን ደርሻለሁ። «ሞቷል» ስል ወሬው የሚዘጋ መስሎኝ ነበር። ቤቴን መክፈቴ ነው ለካ።

ፍራሹን ከግድግዳ አስጠግተው፣ እኔን መሐል አስቀመጡኝ። እማማ ንፍሮ ቀቅለው መጥተዋል። የባልና ሚስቱ ዳቦ ገና ትኩስ ነበር። ሰውዬው ከሥራ ወጥቶ አልጋውን ሳያይ ነው የመጣው፤ ዐይኑ ቀልቷል። አሳዘኑኝ። ደግነታቸው አሳዘነኝ። ባሌ ግን በሕይወት አለ! እኔ ደግሞ ለሱ ንፍሮ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ታሞ ነው?» አለች ሚስትየው ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«ምን ነበር?»

«ጨጓራ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ሰውዬው አንገቱን ነቀነቀ። «እንዲህ የሚያስደነግጥሽ ለዚህ ነው እኮ። እኔ ደግሞ ሳላግጥብሽ!»

እማማ በዚያ ላይ ሙሾ ያዙ። ባልና ሚስቱ ሙሾ ስለማይወዱ ጸሎት እንዲደረግ ፈልገው ነበር፤ ግን እማማን ማን ያስቆማቸዋል? ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ከሆድ የሚወጣ። ደረታቸውን እየመቱ፣ ባሌን «አንተ» እያሉ፣ አፈሩ እንዳይከብደው፣ ልጁን ሳያይ እንደሄደ፣ ሚስቱን በሰው ሀገር ጥሏት እንደቀረ... እኔ አፈሩን አየሁት። በእውነት አየሁት፤ ሲመለስበት። እኔ ለሕያው ሰው ሙሾ አስወርጄ፣ በሰው ሀገር ሆኜ የምቀብረው መሰለኝ።

«ተዉ!» ብዬ ጮህኩ። «ተዉ እማማ! አታሟርቱበት! ባሌን አታሟርቱብኝ!»

ሙሾው ተቋረጠ። ልጄ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየናለች። በሞተ ሰው አይሟረትም፤ ይህን ደግሞ አራቱም ያውቁታል። ሰውዬው አየኝ፣ ከዚያ ዐይኑን ወደ ምንጣፉ ሰበረ። አለቀልኝ አልኩ። ዛሬ ማታ ካሴቱ ላይ ይናገረዋል። በሳምንት በሁለት ሳምንት ሰፈሩ ይሰማዋል።

እንባቸውን ጠርገው በመጀመሪያ የተናገሩት እማማ ናቸው። «በሉ ተነሱ። ሐዘን እንዲህ ነው፣ ሰው አላምን ይላል። አስለቅሰናታል፣ ይበቃታል። ትረፍ።»

ሌሎቹ ሲወጡ እሳቸው ድስታቸውን የሚያነሱ መስለው ወደ ኋላ ቀሩ። እጄን ያዙኝ።

«እኔ የጠየቅኩሽ ነገር አለ?»

«የለም እማማ።»

«አንቺስ የነገርሽኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

«አለቀ። ንፍሮውን ለልጅሽ ስኳር አድርጊላት፣ ትወደዋለች።»

እማማን አመንኳቸው። ሰውዬውን ግን እንዴት ልመነው? በቀጣዩ ሳምንት ክፍል አልሄድኩም። ከሆቴል በቀጥታ ቤቴ እገባና መጋረጃ ዘግቼ እቀመጣለሁ። ልጄ «ማሚ፣ ስኩል የለሽም?» ስትለኝ «ዕረፍት ነው» እላታለሁ። በሐሳቤ እዚያ የእናቱ ጓዳ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ፣ ቴፑ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ የሰውዬውን ሣቅ እሰማዋለሁ። የባሌ እህት የወሰደችውን ስንቅ እንደያዘች ስትመለስ አያታለሁ። መሄዴ ቢቀር ወሬው የሚቀር ይመስል።

በሁለተኛው ሳምንት እማማ ራሳቸው መጡ፤ አሁን በጠራራ ቀን፣ ገና ከደረጃው ጀምረው «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» እያሉ። እንዳልደነግጥ ነው።

«ልበሺ» አሉኝ። «እዚህ ተቀምጠሽ የምትጠብቂው ሰው የለም። የፈራሽውን እዚያው ሄደሽ በዐይንሽ እዪው።»

ክፍሉ ስደርስ አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መዝገቡን በእጇ ይዛ፣ የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ እጁን ጨብጣ ሰላም እያለች ምልክት ታደርጋለች። ስም አትጠራም። ምን ሆነች ብዬ እማማን ሳያቸው፣ ሳቅ አሉ። «ነገርኳታ። ‹ኖ ኮል ኔም፣ ሺ ስቶማክ› አልኳት።» ስም ጥሪ የማይስማማው ጨጓራ አለ ብላ ያቺ ፈረንጅ ያመነች ይሁን ያላመነች አላውቅም። አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። እጄን ሞቅ አድርጋ ጨበጠችኝና «ጉድ ቱ ሲ ዩ» አለችኝ። «ሂር» አልኳት። ሳቀች።

ሰውዬው ቦታው ተቀምጧል። በዕረፍት ሰዓት ወንበሩን አዞረ። ቴፑን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠና የጆሮ ማዳመጫውን ዘረጋልኝ።

«ለእናቴ የምልከው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልላክሁም፣ ቴፔ ተበላሽቶ ነበር። እስቲ ስሚልኝ፣ ድምፁ ይጠራ እንደሆነ። በሁለቱም በኩል ስሚው።»

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ሰላምታ አለ፣ ብዙ ሰላምታ። ዝናቡን ያማርራል። አለቃው ስሙን መጥራት ስላቃተው በከብት ስም እንደሚጠራው ይናገራል። አውቶቡስ ውስጥ ተኝቶ ዳር ድረስ መሄዱን፣ እማማ የሚሉት እንግሊዝኛ እንዴት እንደሆነ፣ ተልባ እንዲልኩለት። ገለበጥኩት። የሚያውቀውን መዝሙር ግማሹን ዘምሮ ግማሹን ረስቶታል። ሰው ሁሉ ሻዩን ጠጥቶ ተመለሰ፣ አስተማሪዋም ገብታ እኛን አይታ ትምህርቱን ሳትጀምር ጠበቀችን። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ስለ ለቅሶ የለም። ስለ ደሴ ሴት የለም። እኔ የምባል ሰው እዚያ ካሴት ውስጥ አልነበርኩም።

ማዳመጫውን አወጣሁ።

«ጥርት ብሏል?»

«ጥርት ብሏል።»

«የሚቀነስ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ነገ ይላካል» አለና ቴፑን ተቀበለኝ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሌሎቹም እንዲሰሙት፣ «ፊት አልረሳም ያልኩሽ ደግሞ ጉራዬን ነው! ባለፈው ሬኒየር ላይ የገዛ አክስቴን ሰላም ሳልላት አልፌ፣ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች» አለ። ሁሉም ሳቀ። ባልና ሚስቱም ሳቁ።

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። «ጨጓራዋ ነው!» አሉ እማማ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ምን ያህል ካሴት እንዳዳመጥኩ አላውቅም። በየሳምንቱ «ድምፁን እዪልኝ» ይለኛል፤ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። እናቱን ሳላያቸው ወደድኳቸው። የጉልበታቸው ሕመም እንዴት እንደሆነ እኔው ነበርኩ አስታውሼ የማስጠይቀው። በር ሲላተም መደንገጤ አልቀረም፣ ዛሬም አልቀረም። ግን ስደነግጥ የሚያዩኝን ሰዎች መፍራቴ ቀረ። ለካ የሚከብደው እሱ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ባሌ ተፈታ። እንዴት እንደተፈታ ረጅም ነው፣ የራሱ ወሬ ነው። ከእህቱ ጋር በኬንያ በኩል ወጡ፤ እሷ ናይሮቢ አግብታ ቀረች፣ እሱ ከብዙ ወረቀት በኋላ ወደ እኛ መጣ። አውሮፕላን ጣቢያ ሊቀበሉት ማን መጣ? እነዚያው ለቅሶ የደረሱኝ አራቱ። «ባሌ ይመጣል» ስላቸው አንዳቸውም «የቱ ባልሽ?» አላሉኝም። ባልና ሚስቱ አበባ ይዘዋል። እማማ ነጠላቸውን በደንቡ ለብሰው እልል ይላሉ፤ ፈረንጁ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል።

ባሌ ከስቷል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ልጃችን አሁን ከትከሻው በላይ ናት፤ እጁን እንደ እንግዳ ጨበጠችው፣ ከዚያ እዚያው ደረቱ ላይ ተለጠፈች። እኔ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም፤ እሱ ነው የመጣው።

ሰውዬው ተራው ሲደርስ አቅፎት ሦስቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «አንተ ሰውዬ፣ ንፍሮህን ከበላን ስንት ጊዜያችን!» አለው።

ባሌ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «ምን ማለቱ ነው?»

«እነግርሃለሁ» አልኩት። «ሁሉንም እነግርሃለሁ።»

በሰውዬው መኪና ወደ ቤት ሄድን። ከኋላ እኔ መሐል ነኝ፣ ልጄ በአንድ በኩል፣ ባሌ በሌላው። ፀሐይ ነበር፤ ሲያትል ፀሐይ ስታወጣ ከተማው በሙሉ የታጠበ ይመስላል። እማማ ከፊት ተቀምጠው ሰውዬውን መንገድ ያሳስቱታል፣ እሱ ይቆጣል፣ እሳቸው ይስቃሉ። ባሌ እጄን ይዞ በመስኮት ያያል።

እዚያ ሰፈር የምፈራለት ሰው አልቀረኝም። ሁላችንም እዚህ ነን። «ደህና ነን» አልኩት፤ ደህናም ነበርን።